ብሎኩ የሚለቀው ሌሊት ነው

ሰላም እህቴ። «አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ የብሽሽት ሄርኒያ ሊሠሩ ነው። ሐኪሙ በኋላ እንዳያምዎት ነርቭ ብሎክ እንሰጥዎታለን አላቸው። ጎረቤት ደግሞ እግር ሽባ ያደርጋል ብሎ አስፈራራን። ይወጉት ወይስ ይቅርባቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብሎክ ማለት ከቁስሉ ሕመም የሚያደርሱትን ነርቮች ለጥቂት ሰዓት የሚያደነዝዝ መርፌ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሄርኒያ ሁለቴ ተሠርቻለሁ፤ ግራውን ያለ ብሎክ፣ ቀኙን በብሎክ።

የግራው ጊዜ ለቀዶ ጥገናው የሚያደነዝዘውን መርፌ ወገቤን ብቻ ነው የተወጋሁት። ከሰዓት በኋላ የወገቡ መርፌ እንደለቀቀኝ ሕመሙ ፋታ ሳይሰጥ መጣ። ለካ ሰው የሚያስለውም፣ የሚስቀውም በሆዱ ኖሯል! አልጋ ላይ ለመገላበጥ አንሶላ ነክሻለሁ።

በቀኙ ጊዜ ቀዶ ጥገናው አልቆ፣ ወገቤ ገና እንደደነዘዘ፣ የማደንዘዣ ባለሙያው አልትራሳውንድ እየገፋ መጣ። ቀዝቃዛ ጄል ቀባኝና ከዳሌ አጥንቴ ጫፍ ትንሽ ገባ ብሎ መርፌውን ሰደደ። ደግ ልጅ ነበር፣ ስክሪኑን አዞረልኝ። የሆድ ጡንቻ እንደ ሦስት እንጀራ ተደራርቦ ይታያል። መድኃኒቱ በታችኞቹ ሁለቱ መሃል ሲገባ፣ ጥቁር ነገር ቀስ እያለ ገለጥ አድርጓቸው ሰፋ። የብሽሽትን ሕመም የሚያደርሱት ሁለት ነርቮች እዚያ መሃል ነው የሚያልፉት አለኝ። መድኃኒቱ ቡፒቫኬይን ይባላል። የወገቡ በጥቂት ሰዓት ሲለቅ ይሄኛው ግማሽ ቀን ገደማ ይቆያል፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ቆዳውንና ጡንቻውን ነው የሚያደነዝዘው፤ ውስጥ ውስጡን የሚጎትት ስሜት ትንሽ ይኖራል።

ስለ እግሩ ጎረቤታችሁ ከምንም ተነስቶ አላወራም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ልሄድ ተነሳሁ። ግራ እግሬ ቆመ፤ ቀኙ ጉልበቱ ላይ ጨርቅ ሆነ። ነርሷ በብብቴ ባትይዘኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ። መድኃኒቱ ትንሽ ወደ ታች ፈሶ የጭን ነርቭ ሲያገኝ እንዲህ ያደርጋል። ሲለቅ ይመለሳል፤ ዘላቂ ጉዳት በጣም ብርቅ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ በራሴ እግር ሄድኩ። ብቻ አባትሽ መጀመሪያ ሲነሱ ሰው ይያዛቸው።

የኔ ጥፋት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ደረጃውን ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ ምንም አላለኝም። ጠያቂ ቤቱን ሞልቶታል። «ኧረ ይሄ ሰውዬ ኦፕራሲዮን የሆነ አይመስልም!» ሲሉኝ ጀግና ጀግና ተሰማኝ። አጥሚቴን ጠጥቼ ተኛሁ። የማስታገሻው ማዘዣ ኪሴ ውስጥ ነው፤ «ካመመኝ ይገዛል» ብዬ። ወረቀቱም «ሲያም» ነው የሚለው። ብሎኩ በስንት ሰዓት እንደሚለቅ ከሆስፒታሉ አንድ ሰው አልነገረኝም፤ እስካሁን ያናድደኛል።

ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ነቃሁ። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ፣ ቀጥሎ ማቃጠል፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ። ልጄ በዚያ ብርድ ከአራት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ ክፍት ፋርማሲ ሲያስስ እኔ ኮርኒስ እቆጥራለሁ። ኪኒኑ ተገኝቶ ከተዋጠ በኋላም ወዲያው አይሠራም። የግራው ጊዜ ሕመም ቢያንስ ሐኪም ቤት ነበር የያዘኝ።

እና እኔን ከጠየቅሽኝ ይወጉት። ያ የመጀመሪያው ግማሽ ቀን ትልቅ ነገር ነው። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ጥርስ ሲነቀሉ ማደንዘዣ አልስማማ ብሏቸው ከነበረ አስቀድመው ይናገሩ። ሲወጉ ጆሯቸው ከጮኸ ወይም አፋቸው ዙሪያ ከደነዘዘ ዝም እንዳይሉ፤ ሽማግሌ ደግሞ ዝም ማለት ይወዳል።

ማስታገሻውን ከዋዜማው ገዝታችሁ አስቀምጡ። ፓራሲታሞል ከታዘዘላቸው በታዘዘው ሰዓት ነው እንጂ ሲያም ብቻ አይደለም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን ጨጓራ ወይም ኩላሊት ለሚያስቸግረው አይሆኑም፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ትራማዶል የሚባለው ጠንከር ያለ ማስታገሻ ሆድ ያደርቃል፤ በዚያ ቁስል ማማጥን ለጠላቴም አልመኝም። ፓፓያና ውኃ ይብዛላቸው። ሲያስሉ ትራስ ቁስሉ ላይ ጫን ያድርጉ።

ባለሙያውን «ስንት ሰዓት ላይ ወጋሃቸው?» ብለሽ ጠይቂና ስልክሽ ላይ ጻፊው። ማታ ከመተኛታቸው በፊት ምግብ አቅምሰሽ ኪኒኑን ስጫቸው። «አላመመኝም እኮ» ይሉሻል። እኔም ብዬ ነበር።