አምስቴ ታምኖ በስድስተኛው የከዳ ቀመር

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬያለሁ። እኔ የምሰጣችሁ አንድ ቁጥር ነው፦ 4,294,967,297።

32 ሁለቶችን ደርድራችሁ አባዙና 1 ጨምሩበት። እሱ ነው። ከሱ የሚቀድሙት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ናቸው። ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ለመድረስ 1 ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን በራሱ ታባዛላችሁ፣ 1 ትመልሳላችሁ። አምስቱም ፕራይም ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው የሕግ ሰው ፒየር ደ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ይህን አይቶ የሚቀጥሉትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ ገመተ። ማረጋገጫ እንደሌለው ግን አልደበቀም። ይህን አደንቅለታለሁ። ዛሬ ሁለት ምሳሌ አይቶ «ሁሌም እንዲህ ነው» የሚለው ሞልቷል።

በ1732 የስዊዘርላንዱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮናርድ ኦይለር ስድስተኛውን፣ ማለትም የኛን ቁጥር፣ አፈረሰው። ገና 25 ዓመቱ ነበር። ቁጥሩ ለካ 641 ሲባዛ በ6,700,417 ነው!

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከ641 በታች 115 ፕራይም ቁጥሮች አሉ። ከ2 ጀምሮ አንድ በአንድ እያካፈሉ መሄድ ይቻላል፣ ግን ጉልበት ይጨርሳል። ከመልፋታችሁ በፊት «መልሱ ካለ ምን ዓይነት መሆን አለበት?» በሉ። ኦይለር ከዓመታት በኋላ እንዳረጋገጠው፣ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ የ64 ብዜት ሲደመር 1 መሆን አለበት። በዚህ ወንፊት ሲነፋ 115ቱ ወደ አራት ይወርዳሉ፦ 193፣ 257፣ 449፣ 577። ቀጣዩ ራሱ 641 ነው።

ማካፈሉም ቢሆን ካልኩሌተር አይፈልግም። 16 ሁለቶች ሲባዙ 65,536 ይሆናሉ፤ ይህም በራሱ ሲባዛ 32ቱን ሁለቶች ይሰጣል። ለ641 አካፍሉት፣ 154 ይተርፋል። ትልቁን ቁጥር ተዉትና ከትርፉ ጋር ብቻ ሥሩ። 154 በራሱ ሲባዛ 23,716 ነው፤ እሱም ለ641 ሲካፈል 640 ይተርፋል። መጀመሪያ ያልነውን 1 ስትጨምሩ 641 ሞላ፣ ምንም አልተረፈም። አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር በሁለት መስመር አለቀ። እኔ እስከ ዛሬ ሳየው ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ።

የፌርማ ግምት ከዚያ በኋላም አልቀናውም። ከዚህ ቁጥር ጀምሮ በዚሁ ቀመር የሚመጡት ተከታታይ 28 ቁጥሮች አንዳቸውም ፕራይም እንዳልሆኑ ታውቋል። በዚህ ቀመር ከ65,537 በኋላ አንድም ፕራይም አልተገኘም።

577ን በዚሁ መንገድ ራሳችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ 335 ይተርፋችኋል። 1 ጨምራችሁ ስትጨርሱ 288 ካልመጣ፣ የማባዛቱን መስመር መልሳችሁ እዩት።