ጉትያቸውን ልቁረጠው ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፖሊሽ የሚባሉትን ትልቅ ጉትያ ያላቸው ዶሮዎች አገኘሁ። አንድ አውራና ሦስት ሴቶች ናቸው። ከሌሎቹ እንቁላል ጣይ ዶሮዎቼ ጋር አንድ ቤት አስገባኋቸው። በትንሽ በትልቁ ይደነግጣሉ፣ ከግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። አንዷ ጉትያዋ ተነጭቶ ይደማል። የሌላዋ አንድ ዓይን ያነባል። ጉትያቸውን ብቆርጠው ይሻላል? ዘራቸው ብርቅ ስለሆነ ማርባትም እፈልጋለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ የምትደማዋን አሁኑኑ ለይተው ያውጡ። የቀረውን ምክር ከዚያ በኋላ ያነቡታል።

የምቸኩለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዶሮ ደም ካየ መልቀም አያቆምም። የፖሊሽ አናት ደግሞ እንደ ሌላው ዶሮ አናት አይደለም። ጉትያው የሚበቅለው ወደ ላይ ካበጠ የራስ ቅል አጥንት ላይ ነው። ያ አጥንት ብዙ ጊዜ በደንብ አይገጥምም፣ ቀዳዳ ይቀርበታል። ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1868 ስለ ቤት እንስሳት ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ቅል አይቶ ጽፎበታል። ስለዚህ ሌላ ዶሮ ላይ ቁስል ብቻ የሚያስከትል ንቁሪያ እዚህ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በተለይ በጫጩትነት።

ቁስሉን ለብ ባለ ንጹህ የጨው ውሃ ይጠቡት፣ ያድርቁት። ጸጥ ያለና ብዙ ብርሃን የሌለበት ቦታ ያኑሯት። ውሃና መኖ አጠገቧ ይሁን። አዲስ ላባ ቁስሉን እስኪሸፍነው ድረስ አይመልሷት። አንገቷ ከተጠማዘዘ፣ ወደ ኋላ ከሄደች ወይም ባለችበት ከዞረች የእንስሳት ሐኪም ይያት። የቫይታሚን ኢ ወይም የቢ1 እጥረትም፣ አንዳንድ በሽታም ይህንኑ ምልክት ስለሚያሳይ በግምት መድኃኒት መስጠት አያዋጣም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ፖሊሽ ጅል ነው ሲባል እሰማለሁ። ጅል አይደለም፤ አያይም። ላባው ከላይና ከጎን ይጋርደዋል። ሰው በድንገት ሲደርስበት ይደነብራል፣ ጭልፊት ሲመጣ አያውቅም፣ ሌላ ዶሮ ሊነቁረው ሲጠጋ አይሸሽም። የጻፉልኝ ችግር አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ስለዚህ ለውድድር የማያቀርቧቸው ከሆነ ይቁረጡት ባይ ነኝ። ግን ሁሉንም አይደለም። ዓይን ላይ የወደቀውን ብቻ፣ ወደ ፊትና ወደ ጎን እስክታይ ድረስ። አንድ ሰው ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልሎ ይያዝ፣ ሌላው ጫፉ ድቡልቡል በሆነ መቀስ ይቁረጥ። ከመቁረጥዎ በፊት የላባውን ግንድ ይመልከቱ። ገና በማደግ ላይ ያለ ላባ ግንዱ ጠቆር ያለ ነው፣ ውስጡ ደም አለ። እሱን አይንኩት። መንቀልም አይሞክሩ። የተቆረጠው ላባ ዶሮዋ ላባ እስክትቀይር ድረስ አይተካም፣ ስለዚህ ሥራው ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም አይደለም። ለውድድር የሚያረቡ ሰዎች ከመቁረጥ ይልቅ በለስላሳ ማሰሪያ ወደ ላይ ያስሩታል። እሱም ያስኬዳል፣ ግን በየቀኑ ካልታየ ቆዳ ያቆስላል።

የምታነባዋን ዓይን በተመለከተ፣ ጉትያዋን ገለጥ አድርገው ይዩ። የገባ ላባ ወይም ቆሻሻ ከሆነ በንጹህ የጨው ውሃ ሲታጠብ ይሻላታል። ዓይኗ አረፋ ካወጣ፣ ፊቷ ካበጠ ወይም ካስነጠሰች ግን ነገሩ የመተንፈሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ያኔ እሷንም ለብቻ አድርገው ሐኪም ይጥሩ።

እዚያው እያሉ የላባውን ሥር ይመርምሩ። ጉትያ ለቅማልና ለቅንቅን የተመቸ ቤት ነው፣ ዶሮዋም እዚያ ጋ በአፏ ማጽዳት አትችልም። ሥሩ ላይ የተጣበቀ ነጭ ነገር ካዩ የቅማል እንቁላል ነው። ሐኪም የሚያዝልዎትን ዱቄት ዓይኗን ሸፍነው ያድርጉላት። ብዙዎቹ ዱቄቶች እንቁላሉን አይገድሉም፣ ስለዚህ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይድገሙት። በአንዴ ጨርሼዋለሁ ያለ ሰው ቅማሉን በወሩ መልሶ ያገኘዋል።

ቤታቸውን ከሌሎቹ ይለዩት። ከባድና ቁጡ ዘር ጋር ሲኖሩ ሁልጊዜ ተበዳይ ናቸው። ማቀላቀል ግድ ከሆነ እንደ ሲልኪ ካሉ ረጋ ያሉ ዘሮች ጋር ይሁን። ቆጡ ከመሬት ከ60 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። መመገቢያና መጠጫውን ቦታ አይቀያይሩባቸው፣ በልምድ ነው የሚያገኙት። ሲገቡ ድምፅ ያሰሙ። ውጭ የሚውሉበት ቦታ ከላይ በሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ዝናብ የማያገኘው ጥግም ያስፈልጋቸዋል። እርጥብ ጉትያ ጭቃ ይይዛል፣ ብርድ ባለበት ደግሞ ይቀዘቅዝባቸዋል። ሰፊ ሳህን ላይ ሲጠጡ ጉትያቸው ውሃ ውስጥ ስለሚገባ ኒፕል (ሲነኩት ውሃ የሚያንጠባጥብ ጡት መሰል መጠጫ) ወይም አፉ ጠባብ የሆነ መጠጫ ይጠቀሙ።

መኖው ላይ ብዙ የሚለይ ነገር የለም። ለጣይ ዶሮ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይበቃል። ላባ ሲቀይሩ ግን ወደ 18 ወይም 20 ከፍ ያድርጉት፣ ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ነውና። የፈንግልና የማሬክ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ የቫይረስ በሽታ) ክትባትም እንደ ማንኛውም ዶሮ ያስፈልጋቸዋል።

እርባታው ላይ ትንሽ ልቆይ። አሁን የሚጥሉትን እንቁላል ይብሉት፣ አያስፈልፍሉት። ቤቱ ውስጥ ሌላ አውራ ከነበረ ሴቶቹ ዘሩን ሰውነታቸው ውስጥ ይዘው እስከ 3 ሳምንት ሊያቆዩ ይችላሉ። ከራሳቸው አውራ ጋር ብቻ አንድ ወር ከቆዩ በኋላ የሚጥሉት የሚያስተማምን ነው። ከሌላ ዘር ከተዳቀሉ ልጆቹ ጉትያ ይኖራቸዋል፣ ግን አነስተኛና የተበታተነ ነው የሚሆነው።

ፖሊሽ እንቁላል ላይ መቀመጥ ብዙም አይወድም። ሌላ ታቃፊ ዶሮ ይፈልጉ ወይም ማሽን ይጠቀሙ። ማራገቢያ ያለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይሁን፣ ጊዜው 21 ቀን ነው። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ አናታቸው ላይ ድቡልቡል ጸጉር ይዘው ስለሚወጡ ወዲያው ያውቋቸዋል። ሌሎቹ ጫጩቶችም ያንን ነገር አይተው ይለቅሙታል፣ ስለዚህ ለብቻቸው ያሳድጓቸው። ከፍ ሲሉ የሴቷ ጉትያ ክብ ኳስ ይመስላል፤ የወንዱ ላባ ቀጭንና ሹል ሆኖ ወደ ጎን ይወድቃል።

ትልቁ ስጋት የዝምድና እርባታ ነው። የልጆቹ ዘር ግማሹ ከአንዱ አውራ ስለሚመጣ፣ በዘር ጥበቃ ስሌት አንድ አውራና ሦስት ሴት የሚቆጠሩት እንደ 4 ሳይሆን እንደ 3 ዶሮ ነው። ሌላ 7 ሴት ቢጨምሩ ቁጥሩ 3.6 ገደማ ነው የሚደርሰው። ዝምድና የሌለው አንድ አውራ ብቻ ቢጨምሩ ግን 4.8 ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብዎን ሴት ላይ ከማዋል ከሌላ አርቢ አውራ ይግዙ። ሁለቱን አውራዎች በተለያየ ክፍል ያኑሩ። ልጆቹን በቀለም ቀለበት እግራቸው ላይ ይለዩ፣ የማን ልጅ እንደሆኑም በደብተር ይያዙ።

ለዘር የሚያስቀሩትን ሲመርጡም ጉትያው ትልቅ የሆነውን ብቻ አይዩ። እነዚህ ዶሮዎች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኔዘርላንድስ ሥዕሎች ላይም ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ አርቢ ጉትያውን ሲያተልቅ ኖሯል። እግሩ ጠንካራ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ሳይቆረጥለትም በመጠኑ የሚያይ አውራ ካገኙ ጉትያው ትንሽ ቢያንስም እሱን ያስቀሩ።