ይሉኝታን ሐዋሳ ትታችሁ ውጡ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ ስድስታችሁም ቤቴ መጥታችሁ «ጋሼ፣ ለባሌ ተራሮች የእግር ጉዟችን ምን እንያዝ?» ስትሉኝ ስለ ድንኳንና ስለ ጫማ ብዙ አወራን። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ዋናውን ነገር ሳልነግራችሁ መቅረቴ ሲያብሰለስለኝ አደረ። በመሬት ቅየሳ ሥራ ዕድሜዬን ከተራራ ተራራ ስዞር በብርድ፣ በዝናብና በገደል የተቸገረ ሰው አይቻለሁ። አንድ ሰው ሊሞትብኝ የነበረው ግን በይሉኝታ ነው።

ያኔ ገና ጎልማሳ ሳለሁ የአንድ ቀያሽ ቡድን መሪ ነበርኩ። ከቆላ በመኪና ተነስተን በሁለተኛው ቀን ከ3,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሰፈርን። የመለኪያውን ዘንግ የሚይዝልን ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ጉልበተኛና ታዛዥ ልጅ ነበር። ማታ እሳት ከበን ስንቀመጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ «የደከመው አለ እንዴ? እኔ ዘንድ ድካም የለም!» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ። እራቱን ግን አልነካውም። «ምነው?» ስለው «ከመንገድ በልቻለሁ፣ ደህና ነኝ» አለኝ። ከቀትር ጀምሮ ራሱን ሲያመው እንደዋለ ያወቅነው በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከድንኳኑ ወጥቶ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ክሩን ይይዙታል፣ ያመልጣቸዋል፤ ደግመው ይይዙታል፣ ያመልጣቸዋል። ቆሜ አየሁት። ተነስቶ ሦስት እርምጃ እንደሄደ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንገዳገደ። መጠጥ የቀመሰ ልጅ አልነበረም። የአገሩ ሰው የሆኑት አዛውንት መንገድ መሪያችን «ይህ ልጅ አሁኑኑ ይውረድ» አሉ። እኔ «ትኩስ ሻይ ይጠጣና እንየው» እያልኩ ሳመነታ እሳቸው ፈረሱን ጭነው ጨርሰው ነበር። አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ካወረድነው በኋላ ውሃ ለመነ፤ ማታ እንጀራ በላ። ሲሻለው «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እርስዎ ድካም የለም ስላሉ» አለኝ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አፉን የዘጋሁት እኔ ነበርኩ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተራራ ላይ ይህ አባባል በሰዓት ይቆጠራል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል በአንድ ቀን መኪና ዲንሾ ትደርሳላችሁ፤ ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ሳነቴ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ይለምደዋል፣ ለመልመድ ግን ቀን ይፈልጋል፤ የጉልበት ብዛት ቀኑን አያሳጥረውም። በየማለዳው የሐዋሳውን ታቦር ተራራ በሩጫ የምትወጡት ሁለታችሁ በተለይ ይህን አስቡበት። ጎበዝ ሰው ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ የወጣም ቶሎ ይታመማል።

ስለዚህ ዲንሾ ስትደርሱ እደሩ፤ ከተቻለ ሁለት ሌሊት። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ አይብለጥ። ራሱን ያመመውና ከዚያ ላይ ምግብ ያስጠላው፣ ያቅለሸለሸው ወይም ያለ ወትሮው የደከመው ሰው ካለ፣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት፤ ከፍታው ነው። ያ ሰው በዚያ ቀን አንዲት እርምጃ ወደ ላይ አይውጣ። የራስ ምታት ክኒን ውጦ ሕመሙን አደንዝዞ መውጣት ራስን ማታለል ነው። ብትጠራጠሩ መሬት ላይ ገመድ ዘርጉና ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ በገመዱ ላይ ይራመድ። ከተንገዳገደ፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ሌሊት ቢሆንም ይውረድ። «ሲነጋ እንወስናለን» አትበሉ።

ይህን ሁሉ ማወቅ ግን ሰውየው ካልተናገረ አይረዳም። እኛ ደግሞ ባለመናገር የተካንን ሰዎች ነን። ሰው እንዳላስቸግር፣ መንገድ እንዳላዘገይ፣ ደካማ እንዳልባል እያልን ውስጣችን ሲቃጠል «ምንም አልሆንኩም» እንላለን። እናቶቻችን ይህን ያስተማሩን ለሰው ቤት ነው፤ ለሰው ቤት ደግሞ መልካም ነው።

«ችግር ካለ ንገሩኝ» የሚል መሪ ደግሞ ምንም አላደረገም። እኔም ብዙ ጊዜ ብያለሁ፤ ማንም አልነገረኝም። ከዚያ ከልጁ በኋላ የለመድኩት ሌላ ነው። ማታ ከእራት በፊት እያንዳንዱ ሰው በሰውነቱ ላይ የተሰማውን አንድ ነገር ይናገራል፤ መጀመሪያ የሚናገረው መሪው ነው። «ግራ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ያመኛል» ብዬ እጀምራለሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ሰው አያፍርም። «ምንም የለብኝም» የሚል ሰው ካለ ሳህኑን እዩለት፤ በልቷል ወይስ አስመስሏል?

መቆምንም ሰው እንዲለምን አታድርጉ። በየሰዓቱ፣ ማንም ሳይጠይቅ፣ አሥር ደቂቃ ቁሙ። ሴቶች ልጆቼ፣ ይህን ስል እናንተን እያሰብኩ ነው። ገለል የሚሉበት ቦታና ጊዜ መጠየቅ ስለሚከብዳቸው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉ ሴት ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔም ስንት ዓመት ሳላስተውለው ቆየሁ። ዕረፍቱ በሰዓት ከሆነ ማንም ምክንያት አይጠየቅም። እግርም እንዲሁ ነው፤ ጫማው አንድ ቦታ ላይ ሲያቃጥል ወዲያው ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የቀረው መንገድ ሁሉ ስቃይ ነው።

በሰልፉ ላይ ቀርፋፋው ሰው ከመንገድ መሪው ቀጥሎ ይሂድ፤ ጠንካራው ከሁሉም ኋላ ይሁን። ቀርፋፋው ከኋላ ከሆነ ሌሎቹ አርፈው ሲጠብቁት ይቆዩና እሱ ሲደርስ ይነሳሉ፤ ስለዚህ ማረፍ የሚገባው ሰው ሳያርፍ ይውላል።

ምግብን በተመለከተ የምስር ከረጢታችሁን አይቼ ዝም ያልኩት ተሳስቼ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ምስሩ ጋዛችሁን ይጨርሳል እንጂ አይበስልም። ሽሮ፣ በሶ፣ ጭኮና ቆሎ ያዙ። የወንዙን ውሃ ከብቶች ስለሚጠጡት ለመጠጥ ሦስት ደቂቃ አፍሉት። ከልብስ አንድ ሙሉ ቅያሪ በፌስታል ጠቅልላችሁ ለመኝታ ብቻ አስቀምጡ። ጂንስ ሱሪ እዚሁ ይቅር፤ ከረጠበ አይደርቅም፣ የሳነቴ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል።

ውሻ አትውሰዱ፣ የተረፈ ምግብም አትጣሉ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ ቀርተውታል፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። እዚያ ደጋግሞ የፈጀውም ከውሻ የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ዌብ ሸለቆ ስትደርሱ ፊንጫ ሀበራን ሳታዩ አትለፉ። 3,469 ሜትር ላይ ያለ የዋሻ መጠለያ ነው። ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ኖረውበታል፤ ትልቁን ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደነበር ከአጥንቱ ታውቋል። እዚያ ግማሽ ቀን ቁጭ በሉ። ለሰውነታችሁም መልመጃ ይሆናል፣ ለዓይናችሁም ጥሩ ነው።

ከመካከላችሁ አንዱ በሦስተኛው ቀን ቢመለስ አንድ ሰው ብቻውን አይሸኘው፤ ሁለት ሆናችሁ ከመንገድ መሪ ጋር ውረዱ። የተመለሰውንም ስትገናኙ ስለ ጉዞው እንዲያወራ ጠይቁት።

የፊታችን እሁድ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል የምትጓዙበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ ሻንጣችሁን ሞልታችሁ ኑ። ታቦርን አብረን እንወጣለን። እኔ ከመንገድ መሪው ቀጥሎ እሆናለሁ፤ በእኔ እርምጃ ነው የምትወጡት።