መልስ፦ ሄድሴት ፊታችንን ሸፍኖ ሳለ አቫታሩ ገጽታችንን እንዴት ያውቃል?

«ሄድሴቱ ፊቴን ሸፍኖ፣ ውስጡም ጨልሞ እያለ አቫታሬ ስጠቅስ እንዴት አብሮኝ ይጠቅሳል?» ላልከው፦

ሄድሴት ማለት ዓይን ላይ የሚታሰረው የቪአር (የምናባዊ ዓለም) መነጽር ነው፤ አቫታር ደግሞ በዚያ ዓለም ውስጥ አንተን የሚወክለው ምስል ነው። ጨለማው ለእኛ እንጂ በሄድሴቱ ውስጥ ላሉት ካሜራዎች አይደለም። ውስጡ ትንንሽ የኢንፍራሬድ መብራቶች አሉ። ብርሃናቸውን ዓይናችን ስለማያየው የስክሪኑን ምስል አይረብሽም። በ2022 የወጣው የሜታ ኩባንያ ሄድሴት፣ ኩዌስት ፕሮ፣ ለምሳሌ ወደ ፊትህ የዞሩ 5 የኢንፍራሬድ ካሜራዎች አሉት።

ከባዱ ነገር ከዚህ በኋላ ነው። ካሜራዎቹ በጣም ቅርብ ሆነው፣ በጎን በጎን ነው የሚያዩህ። ምስሉ ቀለም የለውም። ሙሉ ፊትህም የትኛውም ካሜራ ላይ አይታይም፤ አንዱ ዓይንህን፣ ሌላው ከንፈርህን ብቻ ያገኛል። ይሄንን ቁርጥራጭ የሚያነበው በብዙ ምስል የሰለጠነ የኮምፒውተር ፕሮግራም (ሞዴል) ነው። ምስሉን ወደ ቁጥር ይቀይረዋል፦ አገጭ ይህን ያህል ወረደ፣ ግራ ቅንድብ ይህን ያህል ተነሳ። በኩዌስት ፕሮ እንዲህ ያሉት ቁጥሮች ከ60 በላይ ናቸው። አቫታሩን የሚያንቀሳቅሱት እነሱ ናቸው።

እውነተኛ የሚመስለው መልክ ግን ቀድሞ ነው የሚቀረጸው። በአፕል ሄድሴት በቪዥን ፕሮ መሣሪያውን አውልቀህ በውጪ ካሜራዎቹ ፊትህን ታስነሳለህ። እውነተኛ ሰው ለሚመስለው የሜታ የምርምር አቫታር (ኮዴክ አቫታር) ደግሞ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ባለው ላብራቶሪ በብዙ ካሜራ ተከብበው የተቀረጹ ሰዎች አሉ። ውጤቱ በእውነት ያስደንቃል፤ የቆዳው መሸብሸብ ሳይቀር ይታያል።

ልትገዛ ካሰብክ ግን አደራ፣ መጀመሪያ አጣራ። ሌላው የሜታ ሄድሴት፣ ኩዌስት 3 ውስጥ የዓይንም የፊትም ካሜራ የለም። የአቫታሩን አፍ የሚያንቀሳቅሰው በዋናነት ከድምፅህ ገምቶ ነው።