ጋቢ የደረበው ጅብሽ ሥራ ያስገኝልሻል ወይ?

ከሞጣ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ሥዕሎችሽን አየኋቸው። ጋቢ ደርቦ ለቅሶ ቤት የተቀመጠው ጅብ፣ ያ ንፍሮውን እየቃመ በጎን የሐዘንተኛውን ባት የሚያየው፣ መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ቀጥሎ ጨነቀኝ። ሁለቱን አንድ ላይ ማምጣት ቀላል እንዳይመስልሽ።

አሳታሚው «ልጆችን ያስፈራል፣ አለስልሺው» አለኝና አሣሣሌን ልቀይር ወይ ብለሻል። አትቀይሪ። የኛ ሰው እኮ በላዔ ሰብእን የኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ እያየ ነው ያደገው፤ 78 ሰው የበላ ሰው በጥርኝ ውሃ ሲማር። ያንቺ ጅብ ከሱ አይብስም።

ደግሞ አሳታሚውን ያስፈራው ጅቡ ብቻ አይመስለኝም። የላክሽለት ሦስት ነጠላ ሥዕል ነው፤ ገጽ 1 ላይ ያለው ጅብ ገጽ 12 ላይም ያው ጅብ ሆኖ እንደሚቀጥል በምን ይወቅ? አንድ አጭር ተረት ምረጪና ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥለሽ ላኪለት፣ ጆሮውም ቁመቱም ሳይቀያየር። በስልክ ፎቶ አንስተሽ አትላኪ፣ ጭረቶችሽ ግራጫ ሆነው ተጨማልቀዋል። ስካን ይደረግ፣ ቢቻል በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ ማለት ነው)።

ኤድዋርድ ጎሪን ፈልገሽ እዪ። በቀጫጭን የቀለም ጭረት የጨለመ ቀልድ ሲሥል የኖረ ሰው ነው። ግን ከ1953 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ አንድ አሳታሚ ቤት ተቀጥሮ የመጽሐፍ ሽፋን ይሠራ ነበር። እንጀራው እዚያ፣ ጉዱ ማታ ማታ። አንቺም የመማሪያ መጽሐፍና የፖስተር ሥራ ከመጣ አትናቂ፤ ለዚያ የሚሆን ሌላ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራ ናሙና ስብስብ፣ ይኑርሽ።

ስለራስሽ የጻፍሽው ላይ ግን አልተስማማንም። «በችግር ያደግሁ» ብለሽ ጀምረሻል፤ ይሄን ሁሉም ይጽፈዋል፣ አንባቢው አዝኖልሽ ያልፋል እንጂ ሥራ አይሰጥሽም። ደብዳቤሽ መሀል የጣልሽው ነገር ይሻላል፦ ጅብ ሲጮህ አያትሽ «አጎትሽ እራት ጠየቀ» ይሉሽ የነበረው። እሱን አስቀድሚ፣ ሞጣን ጨምሪ፣ በቃ። ጎሪን እንኳ ብዙ ሰው ሥዕሉን አይቶ እንግሊዛዊ ነው ይለው ነበር፤ ሰውዬው የቺካጎ ልጅ ነው። ሥዕልሽን በኑሮሽ ማስረዳት አይጠበቅብሽም።

የውሉን ነገር ዝም ብለሽዋል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልንም ይሸፍናል። የምትሰጪያቸው የማሳተም ፈቃድ ነው፤ ዋናው ሥዕል ያንቺ መሆኑና ስንት ኮፒ እንደሚታተም ሳይጻፍ እንዳትፈርሚ።