ሕግና ሠራተኛ፦ ጓንት ብቻ አይደለም

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ከገባሁ 2 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ ትርፍ ሰዓት ያቆዩናል፤ አለቃዬ በሰው ፊት ይሰድበኛል። እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ማሽን ላይ እጄ ይንቀጠቀጣል። አሠሪው ይጠየቃል?

መልስ፦ አብሽሪ እህታችን፣ ይጠየቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሥራው ሂደት ሥነ ልቦናዊ ጉዳትም እንዳያስከትል አሠሪው እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል። ብዙ አሠሪ ግን ጓንትና ጭምብል ካደለ ግዴታው ያለቀ ይመስለዋል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም።

ሲመርሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀሪ! ሰው ጉዳዩን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በ6 ወር ውስጥ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ 5 የሥራ ቀን ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ያሰናብታል። ደሴ ሄደሽ የአእምሮ ሐኪም ይይሽ፤ በቀረሽ ማግስት ለአሠሪው አሳውቂ፣ የሐኪሙን ወረቀትም አስገቢ። የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፦ 1 ወር ሙሉ ደመወዝ፣ 2 ወር ግማሽ፣ ቀሪው 3 ወር ያለ ክፍያ።

ስድቡን በደብተር ያዢ፦ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ የሰማውን ሰው። “ሁልጊዜ ይሰድበኛል” ማለት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አቤቱታሽን ለአሠሪው በ2 ቅጂ ጽፈሽ አንዱ ላይ የተቀበለውን ሰው አስፈርሚ። መልስ ካጣሽ በማኅበራችሁ በኩል፣ ማኅበር ከሌለም ራስሽ ለከተማው የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አቅርቢ። ሕመሙ ከሥራው የመጣ ጉዳት ነው ብሎ ካሣ መጠየቅ ግን ከበድ ይላል፤ ያኔ ሐኪሙ መንስኤውን በጽሑፍ ማስፈሩ ወሳኝ ነው።