ልጄ በአክሲዮን ጨዋታ አንደኛ ወጣ፤ የእቁቡን ብር ልስጠው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የ15 ዓመቱ ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ በቡድን ሆነው በኢንተርኔት የሚጫወቱት የአክሲዮን ጨዋታ አለ። ለእያንዳንዱ ቡድን የውሸት 100,000 ዶላር ይሰጠዋል። የእነሱ ቡድን አንደኛ ሆነ። አሁን «ማሚ፣ የደረሰሽን እቁብ 2,000 ዶላር ስጪኝ፣ ትምህርት ሳይዘጋ እጥፍ አድርጌ እመልስልሻለሁ» እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል። አባቱ «ቁማር ነው» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል። ምን ይመክሩኛል?
መሐል የቀረሁት እናት

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጁን «ቡድናችሁ የስንት ኩባንያ አክሲዮን ነው የያዘው?» ብለው ይጠይቁት። «አንድ ወይም ሁለት» ብሎ ከመለሰልዎት፣ አንደኝነቱ ስለ ችሎታው ብዙም አይነግረንም።

30 ቡድኖች እያንዳንዳቸው ያላቸውን ሁሉ አንዳንድ የተለያየ አክሲዮን ላይ ቢያፈሱ፣ አንዱ አንደኛ መውጣቱ የግድ ነው። ለእሱ ይጨበጨብለታል፤ የከሰሩት ደግሞ ከኪሳቸው ሳንቲም አልወጣም። ጭራ መሆን ምንም በማያስከፍልበት ጨዋታ ደፋር ይበላል። ልጅዎ ይህ ገብቶት ከሆነ ጎበዝ ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። በእውነተኛ ገንዘብ ግን ግማሹን ያጣ ሰው መነሻው ላይ ለመድረስ ብቻ የቀረውን እጥፍ ማድረግ አለበት። ሴሚስተር ሲያልቅ ሒሳቡን ሰርዞ አዲስ 100,000 የሚሰጠው የለም።

የጌምስቶፕን፣ የቪዲዮ ጌም የሚሸጠውን የአሜሪካ ኩባንያ፣ ታሪክ ልጅዎ ሳይሰማ አይቀርም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2021 አክሲዮኑ 347 ዶላር ገደማ ላይ ዘጋ። በማግስቱ አንዳንድ የመገበያያ አፖች መግዛትን ጭራሽ ከለከሉ። ፌብሩዋሪ 19 ላይ ዋጋው 40 ዶላር ገደማ ነበር። ያኔ የእርስዎን 2,000 ዶላር በ347 ሒሳብ ያስገባ ሰው፣ ወር እንኳ ሳይሞላ የቀረው 230 ዶላር አካባቢ ነው። ልጁ ራሱ በካልኩሌተር ያስላው፤ ከእርስዎ ቁጣ የበለጠ ይሰማዋል።

ባለቤትዎም ቢሆኑ ግማሽ እውነት ነው የያዙት። ዘ ስቶክ ማርኬት ጌም የሚባለውን እንዲህ ያለ የትምህርት ቤት ጨዋታ የአሜሪካ ተማሪዎች ከ1977 ጀምሮ ሲጫወቱት ኖረዋል። ትርፍ ክፍፍል ምን እንደሆነ፣ የኩባንያ ሪፖርት እንዴት እንደሚነበብ በ15 ዓመት ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በዚያ ዕድሜ አክሲዮን የሚባል ነገር መኖሩንስ መቼ ሰማን?

ስለዚህ 2,000ውን ሳይሆን 200 ዶላር ይስጡት። (የእቁብ ብር እንደሆነ ገና ሳይደርስ አሥር ጊዜ የታቀደበት ነው፤ ቀሪው ለታሰበለት ይዋል።) ልጁ ለአካለ መጠን ስላልደረሰ የአክሲዮን መገበያያ ሒሳብ በራሱ ስም ብቻ መክፈት አይችልም፤ እርስዎ ወይም አባቱ በሞግዚትነት የሚያስተዳድሩት ሒሳብ ይከፈትለት። ልብ ይበሉ፣ አንዴ የገባው ገንዘብ በሕግ የልጁ ነው፣ መልሰው ሊወስዱት አይችሉም፤ ስለዚህ ከባለቤትዎ ሳይመክሩ እንዳይፈርሙ። ብዙዎቹ የአክሲዮን ደላሎች የአንድ አክሲዮን ቁራጭ ስለሚሸጡ 200 ዶላር ይበቃዋል። መቶውን ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ ውስጥ ያሉትን በጅምላ በሚይዝ ፈንድ፣ መቶውን በራሱ ምርጫ ያውለው። ከመግዛቱ በፊት ለምን እንደመረጠ በወረቀት ጽፎ ለአባቱ ያንብብ። ፈንዱም ቢሆን ይወርዳል፤ በ2022 ያ መለኪያ 19 በመቶ ገደማ ወርዷል። እጥፍ የሚባለውን ቃል ኪዳን ግን ከአሁኑ ያንሳ።

ደግሞ ስልኩ ላይ «በጨዋታው ያሸነፍከውን ለማውጣት መጀመሪያ ይህን ያህል አስገባ» የሚል ሌላ አፕ ካዩ፣ ያ የትምህርት ቤቱ ጨዋታ አይደለም፤ ሌብነት ነው። ዛሬውኑ ያጥፉት።